«ችግር የለም» የሚለው መልስ

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንዲት እህት በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ ታገኛለች። አሜሪካዊው ሱፐርቫይዘር ስለ ማሽኑ፣ ስለ በረኪናው መጠን፣ ስለ ዕረፍት ሰዓቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያወርድባትና «ጥያቄ አለሽ? ችግር አለ?» ይላታል። እሷም ዓይኗን ሰበር አድርጋ ፈገግ ትልና «ችግር የለም» ትላለች። እሱ ገብቷታል ብሎ ይሄዳል። እሷ ግን ከተነገራት የገባት ግማሹ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ክፍል ብዙ ዓመት የቆዩትን ሐበሻ በምሳ ሰዓት «እትዬ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ነበር ያለው?» ብላ ልትጠይቅ ታስባለች። እትዬ ደግሞ ያን ዕለት ዕረፍት ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጋሪ ሙሉ ባለ ቀለም የጠረጴዛ ልብስ ነጥቶ ይወጣል። ሱፐርቫይዘሩ እሰው ፊት ይጠራትና «ችግር የለም ብለሽኝ አልነበረም?» ይላታል። በእሱ ሚዛን ዋሽታለች። በእሷ ሚዛን እሱ እሰው ፊት አዋርዷታል፤ አንድ ሰው ሥራ ስለተበላሸ ብቻ እንዲህ አይዋረድም። ሁለቱም ተቀያይመው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሁለቱም ደግሞ ከልባቸው እውነት አላቸው።

ለሐበሻ አንባቢ «ችግር የለም» እና «እሺ» ምን ማለት እንደሆኑ ማስረዳት አያስፈልግም። «እሺ» ሲባል «ሰምቻለሁ፣ አክብሬሃለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። «አደርገዋለሁ» ማለትም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም «አሁን ከፊቴ ዞር በልልኝ» ማለት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ በድምፁና በፊቱ ይታወቃል። አለቃን «አልገባኝም» ማለት «በደንብ አላስረዳኸኝም» ብሎ እንደመንቀፍ ስለሚቆጠር፣ ይሉኝታ የያዘው ሰው አይለውም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እና «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ካደገ ሰው በመጀመሪያው ቀን «እንደገና ንገረኝ» የሚል ጥያቄ መጠበቅ ብዙ መጠበቅ ነው። አሜሪካዊው በበኩሉ ካልተጠየቀ መልስ አይሰጥም፤ ያልተነገረውን ከፊት ላይ ማንበብም የእሱ ሥራ እንደሆነ ማንም አልነገረውም።

ይህንን ጉዳይ በቁጥር ለመለካት ከሞከሩት መካከል ስሙ በብዛት የሚነሣው ሆላንዳዊው ምሁር ኼርት ሆፍስቴድ ነው። ከ1967 እስከ 1973 ባለው ጊዜ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አይ.ቢ.ኤም የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በየአገሩ ካሉት ሠራተኞቹ ከ100 ሺህ በላይ መጠይቅ ሰብስቦ ነበር። ሆፍስቴድ ያንን መርምሮ በ1980 መጽሐፍ አወጣ። ከመለኪያዎቹ አንዱ፣ የበታች የሆነው ሰው በእሱና በአለቃው መካከል ያለውን ርቀት ምን ያህል እንደ ተገቢ ነገር እንደሚቀበለው ያሳያል። አሜሪካ 40፣ ጃፓን 54፣ «ምሥራቅ አፍሪካ» ደግሞ 64 አግኝተዋል። «ምሥራቅ አፍሪካ» የተባለው ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ባንድ ላይ ተጨፍልቀው ነው። የጎጃም ገበሬና የዛምቢያ የመዳብ ማዕድን ሠራተኛ አንድ ቁጥር ደረሳቸው ማለት ነው፤ ያውም የተጠየቁት ገበሬዎቹም ማዕድን ቆፋሪዎቹም ሳይሆኑ የአንድ ኩባንያ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ አቅጣጫ ለማየት ይጠቅማል እንጂ፣ አንድ ማኔጀር ፊቱ የተቀመጠችውን ሴት በዚህ ቁጥር አውቃታለሁ ቢል ይሳሳታል።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው የአንድ ፋብሪካ ታሪክ ነው። በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል በሀይዌይ 880 የሚመላለሱ ወገኖች ፍሪሞንት ሲደርሱ የሚያዩት፣ ዛሬ ቴስላ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሠራበት ያ ሰፊ ነጭ ሕንፃ ቀድሞ የጄኔራል ሞተርስ ነበር። በ1982 ሲዘጋ ሺዎች ሥራ አጥ ሆኑ፤ ብዙዎቹ አለቆች ግን እፎይ ነው ያሉት። ፋብሪካው በጄኔራል ሞተርስ ውስጥ እጅግ ከከፉት አንዱ ነበርና። ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ሳይመጣ የሚቀርባቸው ቀናት ነበሩ። በሥራ ሰዓት መጠጥ ይጠጣ ነበር። ዩኒየኑ ሳይፈቅድ አድማ ይመታል፤ ያልተቋጨው የሠራተኞች አቤቱታ በሺህ ይቆጠራል። አንዳንዱ አለቃውን ለማናደድ ሲል ባዶ የኮካ ጠርሙስ በመኪናው በር ውስጥ ከትቶ ይዘጋ እንደነበር የቀድሞ ሠራተኞች ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል። ገዥው መንገድ ላይ ሲንኳኳበት ይኑር!

ከሁሉ በላይ የጸና አንድ ሕግ ነበር፤ መሥመሩ አይቆምም። መኪናው እየተገጣጠመ የሚያልፍበት መሥመር ከቆመ አለቃው ይጠየቃል፣ ያቆመው ሠራተኛም ሊባረር ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ተገልብጦ ቢገባም፣ ብሎን ቢጎድልም መኪናው ይለፍ ይባልና ግቢው ውስጥ ይከማቻል። በኋላ ሌሎች ሰዎች ፈትተው ያስተካክሉታል። ስሕተቱን ያየው ሠራተኛ ምን ይላል? «ችግር የለም» ይላል። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ሀብት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ፍርሃት ባለበት ሁሉ አለ።

በ1983 ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ ያንኑ ፋብሪካ በሽርክና ሊከፍቱ ተስማሙ። አሜሪካኖቹ የፈለጉት ትንሽ መኪና በትርፍ መሥራትን መማር ነው። ቶዮታ የፈለገው የራሱ አሠራር ከአሜሪካዊ ሠራተኛና ከአሜሪካ ዩኒየን ጋር ይሄድ እንደሆነ መሞከር ነበር። አስተዳደሩን የያዘው ቶዮታ ነው። ሽርክናው ኑሚ ተባለ። ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ግን የሠራተኛው ምርጫ ነበር። ከተቀጠሩት ውስጥ አብዛኞቹ እነዚያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ያ ሁሉ ስም የወጣላቸው። ዩኒየኑም ያው የአውቶሞቢል ሠራተኞች ዩኒየን ነው፤ ከቀድሞዎቹ መሪዎቹም ተቀጥረዋል።

የቡድን መሪዎች እንዲሆኑ የተመረጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ወደ ጃፓን ተላኩ። ቶዮታ ከተማ በሚገኘው የታካኦካ ፋብሪካ ለጥቂት ሳምንታት ከጃፓኖቹ ጎን ቆመው ሠሩ። እዚያ ያዩትና ለብዙዎቹ የማይረሳቸው ነገር አንድ ገመድ ነው። ከመሥመሩ በላይ የተዘረጋ ገመድ አለ፤ አንዶን ይባላል፣ በጃፓንኛ ፋኖስ እንደማለት ነው። ሠራተኛው የተበላሸ ነገር ካየ ወይም ሥራው ካመለጠው ገመዱን ይስባል። መብራት ይበራል፤ የቡድን መሪው ይሮጥና ይደርሳል፤ ከሠራተኛው ጋር ሆኖ ለማስተካከል ይሞክራል። በተወሰነው ርቀት ውስጥ ካልተስተካከለ መሥመሩ ይቆማል። የሚቆጣ የለም። ዕድሜ ልኩን «መሥመሩ አይቆምም» እየተባለ ለሠራ የፍሪሞንት ሰው፣ ማንም ተራ ሠራተኛ ፋብሪካውን ሊያቆም መቻሉ፣ ያውም አለቃው መጥቶ «ምን ላግዝህ?» ማለቱ፣ ዓይን ማመን የሚያስቸግር ነበር።

የመጀመሪያው መኪና፣ ሸቭሮሌ ኖቫ፣ በታኅሣሥ 1984 ከፍሪሞንት ወጣ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሥራ የሚቀረው ሰው ቁጥር ወደ ሁለትና ሦስት በመቶ ወረደ። የመኪናው ጥራት ወደ ታካኦካው ተጠጋ። ቀድሞ ሰማንያ ያህል ሆኖ ተከፋፍሎ የነበረው የሥራ ዓይነት ወደ ጥቂት ተጠቃለለ። ለአለቆች ብቻ የተከለለ መኪና ማቆሚያና ምግብ ቤት ቀረ።

እንግዲህ «የአሜሪካ ሠራተኛ ሰነፍ ነው» ሲል የነበረው ሰው ምን ይበል? ሰዎቹ አልተለወጡም፤ ሕንፃው ያው ነው፤ ዩኒየኑ ያው ነው። «ባሕላቸው ነው» ሲባል የነበረው ነገር ባሕል ሳይሆን አያያዝ ነበር።

ነገር ግን የባሕል ልዩነት የለም ማለትም አይቻልም፤ ጃፓኖቹ ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። አሜሪካዊው ሠራተኛ መጀመሪያ ላይ ገመዱን አይነካም ነበር፤ ወጥመድ መሰለው። አሜሪካዊው ማኔጀር ደግሞ ስብሰባ ላይ ሲጠየቅ የተሳካለትን ብቻ ዘርዝሮ ይቀመጣል፤ ያደገው እንደዚያ ነውና። ለቶዮታ ሰዎች «ችግር የለም» የሚል ሪፖርት ራሱ ትልቅ ችግር ነው፤ ወይ አላየም፣ ወይ ደብቋል ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ጥሩው እያመሰገኑ ደጋግመው ስለ ችግሩ ይጠይቁ ነበር፤ ለተናገረውም አይቆጡም።

ቶዮታም ጃፓንን እንዳለ አላመጣም። በጃፓን የኩባንያው ቃል ይበቃል፤ ሰው አይባረርም ከተባለ አይባረርም ተብሎ ይታመናል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ማንም አያምንም፤ በወረቀት መስፈር አለበት። በመሆኑም በ1985 ከዩኒየኑ ጋር በተፈረመው ውል፣ ሥራ ቢቀዘቅዝ ሠራተኛ ከመቀነሱ በፊት የአለቆች ደመወዝ እንዲቀነስና ለውጭ ተቋራጮች የተሰጠው ሥራ እንዲመለስ ተጻፈ። ወረቀቱ የተፈተነው በ1988 ነው። ኖቫ ገበያ አጣ፤ ፋብሪካው ከአቅሙ እጅግ በታች መሥራት ጀመረ። አንድም ሰው አልተባረረም። ትርፍ የሆኑት ሠራተኞች ትምህርት እንዲማሩና አሠራር እንዲያሻሽሉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ገመዱ ወጥመድ ነው የሚል ሰው ለማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ሠራተኛው ችግሩን ተናግሮ እንጀራውን እንደማያጣ በዓይኑ አይቷልና።

ጄኔራል ሞተርስ ይህንኑ በሎስ አንጀለስ ውስጥ በቫን ናይስ በነበረው ፋብሪካው ሊሞክር ፈልጎ ነበር። ገመዱ ተዘረጋ፣ ቡድን ተባለ። አለቆቹ ግን ገመዱ ሲሳብ ይናደዱ ነበር፤ ሠራተኛውም ቡድን የተባለው ነገር ሰው ለመቀነስ የመጣ ዘዴ መሰለው። ቫን ናይስ በ1992 ተዘጋ። የፍሪሞንቱም ቢሆን ዘላለማዊ አልሆነም፤ ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ከስሮ ሽርክናውን ጥሎ ወጣ፣ ቶዮታም ብቻውን አልቀጥልም አለና የመጨረሻው ኮሮላ በሚያዝያ 1 ቀን 2010 ወጥቶ በሩ ተዘጋ። 4,700 ያህል ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ጥሩ አስተዳደር ከሁሉ ነገር አያድንም።

የሌላው ዓይነት ምሳሌ ዎልማርት ነው። አርካንሳስ የተወለደው ይህ ኩባንያ ከ1997 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ የነበሩ ሁለት የሱቅ ድርጅቶችን ገዝቶ ገባ። ሥራውን እንዲመሩ የመጀመሪያ የተላኩት ሰው ጀርመንኛ የማይናገሩ አሜሪካዊ ነበሩ፤ የአስተዳደሩም ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ተደረገ። ሠላሳ ዓመት በንግድ ላይ የቆዩ ጀርመናውያን ማኔጀሮች በገዛ አገራቸው ዲዳ ሆኑ። ሠራተኛው ለሚመጣው ገዥ ሁሉ ፈገግ በል ተባለ። ጀርመኑ ገዥ ግን ከማያውቀው ሰው የሚመጣ ፈገግታ ወይ ፌዝ ወይ ማሽኮርመም ይመስለዋል። ዕቃህን እኔ ልክተትልህ ሲባልም «ምግቤን ምን ያስነካሃል?» የሚል ብዙ ነው። (ለነገሩ አንዳንድ የሐበሻ እናቶችም በዚህ ከጀርመኖቹ ጋር ይስማማሉ።)

የከፋው በ2005 መጣ። ኩባንያው የሥነ ምግባር ደንቡን ከእንግሊዝኛ አስተርጉሞ አደለ። ውስጡ በሥራ ባልደረቦች መካከል የፍቅር ግንኙነትን የሚከለክል ነገር ነበረበት፤ ሠራተኛው ጥፋት ያደረገ ባልደረባውን የሚጠቁምበት ስልክም ተዘጋጅቶ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲሰልል በሂትለርም፣ በኋላም በምሥራቅ ጀርመን ያየ ሕዝብ ይህንን እንዴት እንደሚሰማው አርካንሳስ ውስጥ የጠየቀ ያለ አይመስልም። በጀርመን ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው ደንብ ያለ ሠራተኛው ምክር ቤት ፈቃድ አይወጣም። የቩፐርታል የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት የደንቡን ከፊል ውድቅ አደረገው። በ2006 ዎልማርት 85 ሱቆቹን ለጀርመኑ ሜትሮ ሸጦ ወጣ፤ ኪሣራው አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። እርግጥ የባሕል ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ አልዲና ሊድል በዋጋ አላስቆም ብለውታል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የልብስ ፋብሪካዎች ከእስያና ከሌላም አገር ገቡ፤ ብዙዎቹ ማኔጀሮች የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በደወል ሥራ የሚጀመርበትን ሕይወት ከዚያ በፊት አያውቁትም። በቋንቋ መግባባት የለም። ድምፅን ከፍ አድርጎ ሥራ ማዘዝ ባንዱ አገር የተለመደ ሲሆን፣ ለሲዳማና ለወላይታ ልጅ ስድብ ነው። ይህ ሁሉ እውነተኛ የባሕል ግጭት ነው፤ «እነዚህ ልጆች የፋብሪካ ዲሲፕሊን የላቸውም» የሚለው ወቀሳም ከዚህ ይነሣል።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2019 ያወጣው ጥናት ግን ሌላም ነገር ጨመረ። የሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። በዚህ ገንዘብ ሐዋሳ ላይ ቤት ተከራይቶ መብላት አይቻልም፤ ልጆቹ አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ይኖሩ ነበር። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበረም ጥናቱ ይገልጻል። አንዲት ልጅ በሦስተኛው ወር ሳትናገር ሥራዋን ትታ ወደ ቤተሰቦቿ ስትመለስ ባሕሏ ነው ሊባል ይችላል፤ መናገሩ አይጠቅምም ብላ ዝም ማለቷ በእርግጥም ከአስተዳደጓ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሄደችበት ምክንያት ግን ባሕል አይደለም። ስለ ባሕል ልዩነት የሚሰጡ ሴሚናሮች ላይ ይህ ዓይነቱ ነገር እምብዛም አይነሣም፤ ደመወዝ ከማሻሻል ይልቅ ስለ ሰላምታ አሰጣጥ ማስተማር ይቀላል።

እዚህ በስደት አገር ደግሞ ብዙ ሐበሻ ከሠራተኛነት ወደ አለቃነት እየተሻገረ ነው። ይህ ጋዜጣ የሚገኝባቸው ምግብ ቤቶች ራሳቸው ትናንሽ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ናቸው። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ፣ ሽንኩርት የሚከትፈውና ሣህን የሚያጥበው ከኤል ሳልቫዶር፣ አስተናጋጇ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ልጅቷ «ጋሼ፣ ይኼ ዋጋ ተሳስቷል፣ ሰዎቹ እየሳቁብን ነው» ትላለች፤ ባለቤቱ ድፍረቷ ይገርመዋል፣ አንዳንዴም ያስከፋዋል። ያ የኤል ሳልቫዶር ሰው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላለም፤ ባለቤቱም «እሱ ጨዋ ነው፣ ችግር የለበትም» ይላል። ከሃያ ዓመት በፊት እሱ ራሱ ፓርኪንግ ሲሠራ አለቃው ስለ እሱ ይህንኑ ይል እንደነበር ረስቶታል።

አንድ ባለቤት ይህንን ያስተዋለው ሰውየው ድንገት ለቆ ወደ ማዶው ምግብ ቤት ሲሄድበት ነው። በሰዓት የተጨመረለት ሃምሳ ሳንቲም ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ «ችግር አለ?» ብሎ መጠየቁን ተወ፤ መልሱ ምን እንደሚሆን ያውቀዋልና። በአስተርጓሚ ልጅቱ በኩል ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ፤ «ዛሬ ከሥራው የትኛው አስቸገራችሁ?» ይላል፣ የየዕለቱን ሥራ ሲዘጉ፣ ምግብ ቀርቦ አብረው ተቀምጠው። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመለሰም። በሁለተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ቀን አዲሱ ከታፊ ቢላዋዎቹ በሙሉ መደነዛቸውንና እጁን ሁለቴ መቁረጡን ተናገረ፤ ባለቤቱም በማግሥቱ ጧት፣ በሩን ከመክፈቱ በፊት፣ ቢላዋ ሊያስሞርድ ሄደ።